የሽሮ ሜዳው ሸማኔ እና የካምባው እንሰት

 

የዛሬው ትምህርታችን የሚነሣው ከመስቀል ነው። በጋሞ ምድር መስቀል ሲቃረብ፣ «ዮ ማስቃላ» መባባል ሲጀመር፣ አዲስ አበባ ያለው የሽሮ ሜዳው ሸማኔ መወርወሪያውን አስቀምጦ፣ ለእናቱ ነጠላ ለአባቱ ጋቢ ጠቅልሎ አገር ቤት ይገባል። ወደ አርባ ምንጭ፣ ከዚያም ቦንኬን አቋርጦ ወደ ካምባ በሚወጣው መኪና ላይ በዚያ ሰሞን ቦታ ማግኘት ጭንቅ ነው። በሬ ይታረዳል፣ ሥጋው ይከፋፈላል፣ የተጣላ ይታረቃል። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን፣ ግርግሩ ጋብ ሲል፣ ሰውየው ብቻውን ወደ ጓሮ ይዞራል። የአባቱን እንሰት ያያል። አባት አርጅተዋል፣ እንሰቱም ሳስቷል። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለሚስቱ «ለምን አንመለስም?» ይላታል።

ሚስት ወዲያው አትመልስም። የቤት ኪራዩን ታስባለች፣ የልጆቹን ትምህርት ቤት ታስባለች፣ የክሩን ዋጋ ታስባለች። የዛሬው ዝግጅት ለእነዚህ ባልና ሚስት የተሰናዳ ነው። ስም አላወጣሁላቸውም፤ ከብዙ ቤት ወሬ ለቃቅሜ አንድ ላይ ያበጀኋቸው ስለሆኑ። ባል ሸማኔ፣ ሚስት አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ ሁለት ልጆች፣ ካምባ ደጋው ላይ ደግሞ የአባት ይዞታ አለ እንበል።

የጋሞ ሸማኔ ወደ አዲስ አበባ መውጣት ከጀመረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በደጋው ሰው ብዙ ነው፤ መሬቱ ተዳፋት፣ ድርሻውም ጠባብ ነው። አባት ለአራት ወንዶች ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጓሮ እንጂ ማሳ አይባልም። ስለዚህ አንዱ ያርሳል፣ ሌላው ሸማ ይዞ ይወጣል። በዚህ መንገድ ላይ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ሕፃናትም ተወስደው፣ ደብተራቸውን ጥለው ከሽመና ጉድጓድ ገብተዋል። ይህን ሳነሣ ልቤ ያዝናል። አገር ቤት ያለው ጓሮ ቤተሰብ መቀለብ ከቻለ አንድ ሕፃን ከዚያ ጉድጓድ እንደሚድን ስለማምን ነው ስለ እርሻው አጥብቄ የምናገረው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ሸማኔ ጊዜውን በሸማ ይቆጥራል። ድሩን አደራ፣ ማጉን ወረወረ፣ ቅዳሜ ገበያ አወጣው፣ ብሩን ያዘ። የካምባ ደጋ እርሻ ግን በእንሰት ዕድሜ ነው የሚቆጠረው። ዘንድሮ ከተቀበረ አሚቾ፣ ማለትም ከእንሰቱ ሥረ ግንድ፣ የሚበቅል ችግኝ ለቆጮ እስኪደርስ፣ እንደ አየሩና እንደ ፍጉ መጠን ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት፣ በብርቱ ደጋ ደግሞ ከዚያም በላይ ይፈጃል። ዘንድሮ አንደኛ ክፍል የገባው ልጃችሁ ያን ቆጮ የሚበላው ከስድስተኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ነው። ይህን ሳያውቅ የሚመለስ ቤተሰብ በሁለተኛው ዓመት ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይሄዳል። የሚጎዳውም አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ የከተማው ቤት ተለቋል፣ የአገር ቤቱም አልተያዘም።

ታዲያ ይህን ያህል ዓመት የሚያስጠብቅ ተክል ለምን ይተከላል? በከተማ ያደጉ አድማጮቻችን ይህን ሊጠይቁ ይገባቸዋል።

እንሰት ሙዝ ይመስላል፣ የሙዝም ዘመድ ነው፤ የሚበላው ግን ፍሬው አይደለም። ግንድ መስሎ የሚታየው የተደራረበ የቅጠል እጀታ ተፍቆ፣ አሚቾው ተከትፎ፣ በጉድጓድ ተብላልቶ ቆጮ ይሆናል። ሲጨመቅ ከውኃው ጋር የሚወርደው ነጭ ዱቄት ቡላ ነው። ከፍቂው የሚቀረው ጭረት ቃጫ ሆኖ ይሸጣል። ቅጠሉ ላም ይቀልባል፣ ዳቦ ይጋገርበታል፣ ቤት ይሸፍናል። ዱር በቀሉ እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይገኛል፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የኢትዮጵያ ገበሬ ብቻ ነው። ዛሬ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ኑሮው ከእንሰት ጋር የተያያዘ ነው።

ትልቁ ምስጢሩ ግን ሌላ ነው። ገብስ ዝናቡ በአንድ ወር ቢስት ከእጅ ይወጣል። እንሰት ከሥር ከሆዱ ውኃና ምግብ ስለሚይዝ አንድ መጥፎ ወቅት አይገድለውም፤ ይዘገያል እንጂ አይጠፋም። የመከር ቀንም የለውም። ቤቱ ሲቸግረው ያልጠናውንም ቢሆን ቆርጦ ይበላል፤ ሳይቸግረው ግን እስኪያብብ ይጠብቀዋል። እንሰት በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ ይሞታል፣ ቆጮው የሚያምረውም በዚያ ሰሞን ነው። በጉድጓድ የገባው ቆጮም ለወራት፣ በደንብ ከተያዘ ለዓመታት ይቀመጣል። ሸማኔው ባንክ የሚያስገባውን ገንዘብ አባቱ ጓሮ ውስጥ ነው ያስቀመጡት። እና ያ ጓሮ ሲሳሳ ካየ፣ መደንገጡ ትክክል ነው።

የአተካከሉን ነገር ጠለቅ ብዬ ልንገራችሁ፤ ከተማ ያደገ ሰው እንሰት ዘር የሚዘራ ይመስለዋልና። ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው ጤነኛ እንሰት ይመረጣል። ግንዱ ከአሚቾው ከፍ ብሎ ይቆረጣል፣ መሐል እምብርቱ ይቦረቦራል፤ ያ እምብርት ካልወጣ ተክሉ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል እንጂ ችግኝ አይሰጥም። ጥቂት ቀን ጥላ ሥር ደርቆ፣ ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ይቀበራል። ከአንድ አሚቾ በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 የሚበልጥ ቡቃያ ይወጣል። በዓመቱ ተለያይተው ቦታ ይለወጥላቸዋል፤ ከዚያም አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ ይዛወራሉ። በመጨረሻ ቦታቸው ላይ ቢያንስ የአንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቀት ይፈልጋሉ። በየዓመቱ ፍግ ካላገኙ ደግሞ ቀጭን ሆነው ይቀራሉ። ፍግ ማለት ላም ማለት ነው፤ ላሟ የእንሰቱን ቅጠል ትበላለች፣ እንሰቱ የላሟን ፍግ ይበላል። የአባታችሁ ጓሮ የሳሳው እንሰቱ ስለከፋ ላይሆን ይችላል። ላሟ የተሸጠችው መቼ እንደሆነ እስቲ ጠይቁ።

ሰባት ዓመቱን ማሳጠር ይቻላል። ከዘመድ ወይም ከጎረቤት ሁለት ሦስት ዓመት የሞላው ችግኝ ከተገኘ፣ ያን መትከል ጊዜውን በዚያው ልክ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ግን እኔ ራሴ የወደቅሁበት ጉድጓድ አለ። እንሰት ስጀምር ገበያ ላይ ደልበው ያየኋቸውን ችግኞች ደስ ብሎኝ ገዛሁ። አንድ ዓመት ሳይሞላ የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጠወለገ፣ ከዚያ የጎኑም ተከተለ። ጎረቤቴ አንዲት ባልቴት መጥተው ግንዱን በቢላዋ ሰንጠቅ አደረጉና ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ሲወጣ አይተው «አንተ ልጅ፣ ከማን ጓሮ ነው ያመጣኸው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ያ የእንሰት አጠውልግ በሽታ ነው። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው፤ በኢትዮጵያ እንሰት ላይ መኖሩ በሳይንስ የተመዘገበው በ1960ዎቹ የፈረንጆች ዘመን ነው። እስከ ዛሬ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ያለን መከላከያ ጥንቃቄ ነው። ከማን ጓሮ እንደመጣ ያልታወቀ ችግኝ አትትከሉ። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ወደ ጤነኛው ከመሄዱ በፊት በእሳት ይጋል ወይም በበረኪና ይታጠብ። የታመመው ተነቅሎ ከጓሮው ርቆ ይቀበር፤ ቅጠሉን ለከብት አትስጡ፣ ከብት ጓሮው ውስጥ አይፈንጭ። በሽታው ሙዝንም ይይዛል። ስለዚህ በቆላዎቹ ቀበሌዎች በላንቴና በቆላ ሸሌ ሙዝ የምታለሙ አድማጮቻችንም ይህን ከደጋ ዘመዶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት። እኔ ከገዛኋቸው አንድም አልተረፈም። ባልቴቷ ከራሳቸው ጓሮ የሰጡኝ አምስት ችግኞች ናቸው ዛሬ ጓሮዬን የሞሉት።

የመሬቱን ጉዳይ በአጭሩ ልናገር፤ በአጭሩ የምለው ቀላል ስለሆነ አይደለም። መሬት በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው፣ ሊያወርስና ሊያከራይ ይችላል። ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ የቆየው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 «የቤተሰብ አባል» ያለው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት እየኖረ ኑሮውን የሚጋራውን ሰው ነበር። ሽሮ ሜዳ አሥራ አምስት ዓመት የኖረ ልጅ በዚያ ትርጓሜ የት እንደሚወድቅ አስቡት። አሁን በቦታው አዲስ አዋጅ፣ ቁጥር 1324/2016፣ ተተክቷል። ከመምጣታችሁ በፊት የወረዳውን የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የይዞታ ደብተሩ በማን ስም እንደሆነ፣ የእናትም ስም ከአባት ጋር ተጽፎ እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። የእኩል ወይም የኪራይ ስምምነት ከሆነ በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ።

ነገር ግን ከጽሕፈት ቤቱ በፊት የሚጠየቅ ሰው አለ። ወንድም አለ። አንተ አዲስ አበባ ሸማ ስትሠራ እሱ ያን ተዳፋት ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያ ይዞ ሲቆፍር ኖሯል። አባትን አስታሟል፣ እናትን ጧሯል፣ እድሩን ከፍሏል። በመስቀል ሦስት ቀን መጥተህ በአራተኛው «ድርሻዬ» ብትለው፣ ሕጉ ቢፈቅድልህ እንኳ ወንድምህን ታጣለህ። የጋሞ አባቶች ዘመዱን የበደለ፣ መሬትን ያጎሳቆለ ሰው ጎሜ፣ የነውሩ መዘዝ፣ ያገኘዋል የሚሉት በከንቱ አይመስለኝም። እንዲህ ያለው ነገር የሚያልቅበት ቦታ ዱቡሻ፣ የአደባባዩ ሸንጎ፣ ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ ሁሉም ተናግሮ፣ እርጥብ ሣር ተይዞ። የጋሞ አባቶች በመስከረም 2011 በአርባ ምንጭ ከተማ ለበቀል በወጡ ወጣቶች ፊት እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው ጥፋት እንዳስቆሙ አገር ሁሉ ያየው ነው። ያን የመሰለ ባህል በእጃችን ይዘን በአንድ ጥማድ መሬት ወንድማማች ፍርድ ቤት መመላለሱ ያሳዝነኛል። እኔ ብሆን የምጠይቀው የተቆፈረውንና የለማውን አይሆንም። የሳሳውን፣ እንሰቱ ያለቀበትን ጥግ ስጠኝ፣ እኔ ልትከልበት እለዋለሁ።

የቦታ ነገር ከተነሣ የተዳፋቱን አደጋ ሳልጠቅስ አላልፍም። በሐምሌ 2016 በጎረቤታችን በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ከ200 በላይ ወገኖቻችን ሞተዋል፤ ብዙዎቹም የቀደሙትን ለማውጣት ሲቆፍሩ የነበሩ ናቸው። ነፍስ ይማር። አዲስ ቤት የምትቀልሱ ሰዎች፣ ከበላያችሁ ያለው ዳገት ዛፉ ተመንጥሮ እንደሆነ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እንደሆነ፣ ዛፎቹ ዘመው እንደሆነ፣ ከዚህ በፊት ያልነበረ ምንጭ ፈልቆ እንደሆነ እዩ። ከእነዚህ አንዱ ካለ እዚያ አትሥሩ። መሬቱ የአባት ቢሆንም አትሥሩ።

አሁን ወደ ሚስት ልምጣ፤ የዚህ ቤት መቆም አለመቆም በአብዛኛው በእሷ ላይ ነውና። እንሰቱን የሚተክለው ባል ቢሆንም ፍጉን ተሸክማ የምትወስደው፣ የምትፍቀው፣ የምታብላላው፣ ጉድጓዱን ከፍታ የምታየው ሴት ናት። ሽሮ ሜዳ ያደገች ሴት ክር መፍተል ታውቅ ይሆናል፤ እንሰት መፋቅ ግን አታውቅም። በጣውላ ላይ እግር ተጭኖ በቀርከሃ መፋቂያ ከጧት እስከ ማታ መጎተት ጀርባ ይሰብራል። የጉድጓዱ ቅጠል መቼ እንደሚለወጥ፣ ሽታው ሲለወጥ ምን ማለት እንደሆነ፣ የትኛው የእንሰት ዓይነት ለቆጮ፣ የትኛው ለቃጫ፣ የትኛው አሚቾው ተቀቅሎ ለመብላት እንደሚሆን የምታውቀው አማቷ ናት። በየአካባቢው ያሉት የእንሰት ዓይነቶች እጅግ ብዙ ናቸው፣ ዕውቀታቸው ያለው በእነዚህ እናቶች ራስ ውስጥ ነው። እናቲቱ ሳይጽፉት፣ ምራት ሳትማረው ቢያልፉ የሚጠፋው ብዙ ነው። ስለዚህ ባል ሆይ፣ ሚስትህን በመጀመሪያው ዓመት «ባለሙያ አይደለሽም» አትበላት፤ እናትህ ዘንድ ቁጭ ብላ እንድትማር ጊዜ ስጣት፣ በዚያ ሰዓት ልጆቹን አንተ ያዝ። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የእንሰት መፋቂያ መሣሪያና ማብላያውን የሚያፋጥን እርሾ ሠርተዋል። ይህ መሣሪያ ወደ ካምባ ጓሮዎች በብዛት ቢወጣ ከማንም በላይ ደስ የሚለኝ እኔ ነኝ። የሴት ጉልበት በነጻ የሚገኝ አይደለም።

እንሰቱ እስኪደርስ ምን ይበላል? በደጋው ድንች ከሦስት እስከ አራት ወር ይደርሳል፤ እንደ «ጉዳኔ» እና «በለጠ» ያሉ የተሻሻሉ ዝርያዎች በዝናብ ወቅት ቅጠሉን የሚያጠቁረውን በሽታ ከድሮው ይልቅ ይቋቋማሉ። ጎመን ከጓሮ አይጥፋ። ወረድ ባለው ወይናደጋ ቦሎቄና በቆሎ፣ በቆላው ጎደሬና ስኳር ድንች አሉ፤ ሽፈራው ደግሞ፣ የቆላው ሰው ሐለኮ የሚለው፣ ከተተከለ በኋላ ቅጠሉ የማያልቅ ጎመን ነው። ዶሮ ጥሩ ነው፤ ለፈንግል ክትባት ካልተሰጠው ግን በአንድ ሳምንት ቤቱ ባዶ ይሆናል። በ2015 በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ዶሮና ወተት፣ ማርና ዓሣ ላይ ያተኮረ ነውና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ስለ ጫጩትና ስለ ክትባት አነጋግሩት።

ከሁሉ የበለጠ ድልድይ ግን ሸማው ራሱ ነው። ተመላሾች ሸማውን እንደ ተሰናበቱት ሥራ፣ እንደ ከተማ ዕዳ ሲያዩት አያለሁ፤ መሣሪያውን ሸጠው ይመጣሉ። አትሽጡት። ሽሮ ሜዳ የነበረው ጉድጓድ ካምባ ቤታችሁ ውስጥም ይቆፈራል። በዝናብ ወራት መሬቱ ጭቃ ሆኖ መቆፈር በማይቻልበት ቀን፣ በበጋም ሥራ ሲላላ፣ አንድ ጋቢ ይወጣል። ክሩ በመኪና ይመጣል፣ ሸማው በመኪና ይሄዳል፤ ሽሮ ሜዳ የቀረው ዘመዳችሁ ይሸጥላችኋል። የጋሞ ደጋ ሰው እርሻና ሽመናን አንድ ላይ ሲያስኬድ የኖረ ነው። ሁለቱን የለያያቸው መንገዱ ነው እንጂ ሙያው አይደለም።

የመምጫውን ወር ብትጠይቁኝ፣ በመስቀል ተነጋግራችሁ፣ ወንድምን አነጋግራችሁ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። የልጆቹን የትምህርት ቤት ወረቀት አስጨርሱ፣ ያለባችሁን ብድር ክፈሉ፤ ካላለቀ ሙሉ ዓመት ጠብቁ፣ እንሰት አይቸኩልም። ሲሞላላችሁ በኅዳር ግቡ። ከታኅሣሥ እስከ ጥር አሚቾው ይቀበራል፣ የበልጉ ዝናብ ከመጋቢት ሲጀምር ቡቃያው ብቅ ይላል። የመጀመሪያውን አሚቾ እናታችሁ ይምረጡት፣ ጉድጓዱን አባታችሁ ያሳዩ፣ አፈሩን ልጆቹ ይመልሱ። ከዚያ ከአጠገቡ ድንቹን ትከሉ፣ ማታ ሸማው ላይ ተቀመጡ።

ጥያቄ ያላችሁ አድማጮች የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ፤ ስለ አጠውልግ በሽታ የምትጠይቁ ደግሞ ቅጠሉን ተሸክማችሁ አትምጡ፣ ባለሙያው ወደ ጓሮአችሁ ይምጣ።